ስደተኛ ተማሪዎችን ማስተማር፦ ርዕሰ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ተደርድረዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስደተኛ፣ ጥገኝነት ጠያቂና ተፈናቃይ በምን ይለያያሉ? ለትምህርት ቤቱስ ልዩነቱ ምን ያደርግለታል?

በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ክፍል አባል በመሆኑ በደል ይደርስብኛል የሚል በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት አድሮበት ከአገሩ የወጣና መመለስ ያልቻለ ሰው ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 ያወጣው ስምምነት ደግሞ ከውጭ ወረራና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ካናጋ ሁኔታ የሸሸውንም ይጨምራል። ጥገኝነት ጠያቂ ማመልከቻው ገና ውሳኔ ያላገኘ ነው። ተፈናቃይ ቤቱን ጥሎ ቢወጣም የአገሩን ድንበር አልተሻገረም።

ለትምህርት ቤቱ ልዩነቱ የሚያስፈልገው ድጋፍ ከማን እንደሚጠየቅና ልጁ ለብሔራዊ ፈተና ሲመዘገብ ምን ወረቀት እንደሚቀርብ ለማወቅ ነው። ከዚያ ውጭ ቃሉ ክፍል ውስጥ ሥራ የለውም። አንድ መምህር "ስደተኞች እጃችሁን አውጡ" ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። የፈለጋቸው ለቆጠራ ነበር፤ ልጆቹ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ በዚያ ስም ተጠሩ።

መሸኛም ሪፖርት ካርድም የሌለውን ልጅ መመዝገብ እችላለሁ?

ይችላሉ። የ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 22 በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስደተኛው ከዜጋው እኩል እንዲስተናገድ ያዛል። ከዚያ በላይ ባለው ትምህርት ደግሞ የውጭ ምስክር ወረቀትን በመቀበልም ሆነ በክፍያ ረገድ ከሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ያነሰ መስተንግዶ እንዳይደረግለት ይላል። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 28 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ልጅ ነፃና ግዴታ እንዲሆን ይጠይቃል። የኢጋድ አባል አገሮችም በ2017 ጅቡቲ ላይ ባወጡት መግለጫ ስደተኞችን በብሔራዊ የትምህርት ሥርዓታቸው ለማካተት ቃል ገብተዋል። የአገርዎ ዝርዝር መመሪያ ምን እንደሚል ግን ራስዎ አንብበው ቅጂውን መዝገብ ቤት ያስቀምጡ።

መሰናክሉ ብዙውን ጊዜ ሕጉ ሳይሆን የመዝገብ ቤቱ መስኮት ነው። "ይህ ጎድሎታል፣ አሟልታችሁ ኑ" የተባለ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም፤ ያን ወረቀት የሚሰጠው ትምህርት ቤት ፈርሶ ወይም የጦር ሰፈር ሆኖ ሊሆን ይችላል። የሚሠራው መንገድ በጊዜያዊነት መዝግቦ ልጁን ክፍል ማስገባት፣ የጎደለውንም ትምህርት ቤቱ ራሱ እየተከታተለ ማሟላት ነው። ብሔራዊ ፈተና በሚሰጥባቸው ክፍሎች ግን ክትትሉ ከዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት ይጀመር። ዓመቱን ሙሉ ተምሮ የፈተና መለያ ቁጥር ያልወጣለት ተማሪ ፊት መቆም ከባድ ነው።

ስሙና የልደት ቀኑ በየወረቀቱ ይለያያል። የትኛውን ልያዝ?

ይህን ጥያቄ ጥቃቅን የጽሕፈት ሥራ አድርጎ የሚያልፈው ሰው በኋላ ይቸገራል። ብዙ ስደተኛ ልጆች ጃንዋሪ 1 ተወለዱ ተብለው ይመጣሉ፤ ቤተሰቡ ዓመቱን ብቻ ሲያውቅ መዝጋቢው የሚሞላው ቀን ስለሆነ ነው። ሌላው ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ነው። በአፍጋኒስታን ሲሠራበት የቆየው የፀሐይ ሂጅራ ከጎርጎርዮሳዊው በ621 ወይም በ622 ዓመት ስለሚያንስ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። የኢትዮጵያው ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ብቻ በመሆኑ ግን እውነት መስሎ ያልፋል፦ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወረቀት ላይ ሃያ ሁለት ትሆንና ከትምህርት ዕድሜ ውጭ ነሽ ትባላለች። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን በየትኛው አቆጣጠር እንደተነገረ ይጠይቁ።

ስምም እንዲሁ ነው። ቅጹ "የቤተሰብ ስም" ይላል፤ ከልጁ ስም ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያም የአያት ስም በሚከተልበት ባህል ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። እናትና ልጅ፣ አባትና ልጅ በኮምፒውተሩ ላይ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ይሆናሉ። ከዐረብኛ ወደ ሌላ ፊደል የተገለበጠ ስምም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ስደተኛ ሆኖ የተመዘገበበትን ሰነድ አጻጻፍ ዋና አድርገው ይያዙ፣ ሌሎቹን በማኅደሩ ውስጥ ያስመዝግቡ። ቤተሰቡ ሳያውቅ ምንም አያርሙ፤ በትምህርት ቤቱ "የታረመ" አንድ ፊደል የቤተሰቡን የጉዞ ጉዳይ ሊያዘገይ ይችላል።

ዕድሜው አሥራ አራት ነው፤ የተማረው ግን እስከ ሦስተኛ ክፍል። የት ላስገባው?

ከእኩዮቹ አጠገብ። ይህ የእኔ አቋም ነው፣ የሚቃወሙኝ መምህራንም ብዙ ናቸው። ክርክራቸው ግልጽ ነው፦ ክፍልፋይ የማያውቅ ልጅ አልጀብራ ምን ያደርግለታል? ልክ ናቸው። ግን የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ ከዘጠኝ ዓመት ልጆች መሐል በትንሽ ወንበር ሲቀመጥ የሚሰማው ውርደት ክፍልፋዩን አያስተምረውም፤ ትምህርቱን ያስጥለዋል። ለትንንሾቹም ደኅንነት ቢሆን የሚመከር አይደለም። ከዕድሜው ከአንድ ወይም ከሁለት ክፍል በላይ ዝቅ አያድርጉት፣ የጎደለውን ደግሞ በማጠናከሪያ ትምህርት ይሙሉለት።

ምዘናውን በሒሳብ ይጀምሩ፤ ቁጥር ብዙ ቋንቋ አይፈልግም። ከተቻለ በሚያውቀው ቋንቋ አንድ አንቀጽ ያስነብቡት። በራሱ ቋንቋ አቀላጥፎ የሚያነብ ልጅና በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ ያልተማረ ልጅ ወረቀት ላይ ሁለቱም "ሦስተኛ ክፍል" ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ትምህርቱ የተቆራረጠበት ልጅ ደረጃው ዝቅ ያለ ሳይሆን የተቦዳደሰ መሆኑንም ያስታውሱ፦ ማካፈል ጨርሶ ሳይማር ጂኦሜትሪ የሚያውቅ አጋጥሞኛል። በአካባቢው የተፋጠነ ትምህርት ፕሮግራም ካለ፣ ማለትም ሁለት ክፍል በአንድ ዓመት የሚጠናቀቅበት፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ልጆች የተሠራው እሱ ነው። ምደባው የመጨረሻ እንዳይሆን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ የሚታይበትን ቀን መዝገቡ ላይ ይጻፉ፤ ቀን ያልተቆረጠለት "እናየዋለን" አይታይም።

ቋንቋውን እስኪችሉ ለብቻቸው ይማሩ ወይስ ከመጀመሪያው ቀን ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀሉ?

በተለያዩ አገሮች ሁለቱም ተሞክሯል። የሚሻለው ቅይጡ ነው፦ ሒሳብ፣ ስፖርትና ሥዕል ከሁሉም ጋር፣ ቋንቋው ደግሞ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ለብቻ። ለብቻ የሚሆነው ክፍል መውጫው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። መውጫ የሌለው የመቀበያ ክፍል መጋዘን ይሆናል፤ ሌሎች መምህራንም "የእነሱ ልጆች" ማለት ይጀምራሉ።

ርዕሰ መምህራን በብዛት የሚሳሳቱት ግን ሲጀምሩ ሳይሆን ድጋፉን ሲያቋርጡ ነው። ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጨዋታ ቋንቋንና የትምህርት ቋንቋን ለይቶ አሳይቷል። የመጀመሪያው በሁለት ዓመት ገደማ ይለመዳል፤ የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ ከእኩዮች እኩል ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ልጅቷ በእረፍት ሰዓት እየተንጫጫች ስትጫወት ያየ መምህር "ይህችማ ችላለች" ብሎ ድጋፉን ያስቆማል። በሚቀጥለው ዓመት የባዮሎጂ ፈተና ስትወድቅ "ሰነፈች" ትባላለች። የሰነፈችው ልጅቷ አይደለችም፤ ሂሳቡን ቀድሞ የዘጋው ትምህርት ቤቱ ነው።

"ለሁሉም እኩል መጽሐፍ፣ እኩል መምህር ሰጥተናል" የሚለው መልስም በ1974 አሜሪካ ውስጥ ላው እና ኒኮልስ በተከራከሩበት መዝገብ ፈተና ገጥሞታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቋንቋውን ለማይረዳ ተማሪ አንድ ዓይነት መጽሐፍና መምህር ማቅረብ ብቻውን እኩል መስተንግዶ እንዳልሆነ ወስኗል። አሜሪካዊ ላልሆነ ሰው ውሳኔው አያስገድድም፣ ነገሩ ግን ያው ነው።

ከስደተኞቹ መካከል መምህር የነበሩ አሉ። ልቀጥራቸው እችላለሁ?

ይህ የሥራ ፈቃድና የማስተማር ፈቃድ ጉዳይ ነው፤ መልሱም ከአገር አገር ይለያያል። በብዙ ቦታ እነዚህ ሰዎች ደመወዝ ሳይሆን "ማበረታቻ" እየተከፈላቸው በረዳትነት ይሠራሉ፤ ዲግሪ ያለው የፊዚክስ መምህር ወንበር ሲያስተካክል ይውላል። ሙሉ መምህር አድርገው መቅጠር ባይችሉ እንኳ የሚሰጡትን ሥራ ይምረጡ፦ ምዘና፣ ከወላጆች ጋር ግንኙነት፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚሰጥ የሒሳብ ማጠናከሪያ። በመምህራን ስብሰባም ወንበር ይኑራቸው። ልጆች ከሁሉ በፊት የሚያዩት የራሳቸው ሰው መምህራን ክፍል ገብቶ ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ነው።

መምህራኖቼ በሥነ ልቦና አልሠለጠኑም። የተጎዳን ልጅ እንዴት ይያዙ?

ሐኪም እንዲሆኑ አይጠበቅም። ደግሞም ከጦርነት የመጣ ልጅ ሁሉ የታመመ አይደለም፤ አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው የሚታመን ቀን ነው። ደወሉ በሰዓቱ ይደወል፣ መምህሩ በተባለው ሰዓት ይግባ፣ የፕሮግራም ለውጥ ካለ ከቀደመው ቀን ይነገር። ለሌላው ተማሪ አሰልቺ የሆነው ሥርዓት ለእነዚህ ልጆች መድኃኒት ነው። መምህር ሲቀር ክፍሉን ባዶ የሚተው ትምህርት ቤት ግን አሥር የሥነ ልቦና ሥልጠና ቢያዘጋጅ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ማስቀረት ያለብዎት ነገሮችም አሉ። ሳይነገር የሚደረግ የእሳት አደጋ ልምምድ አንዱ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ቀን ሁለት ወንድማማቾችን ከወንበር ሥር አውጥተን ለማረጋጋት ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። "ከአገርህ እንዴት እንደወጣህ ጻፍ" የሚል የድርሰት ርዕስ ሌላው ነው። ልጁ ልናገር ካለ ይደመጣል፣ እንዲናገር ግን አይገደድም። ቤተሰብህን ሳል የሚለውም አባቱ የት እንዳለ ለማያውቅ ልጅ ፈተና ነው፤ "አብረውህ የሚኖሩትን ሳል" ቢባል ሥራው ይሠራል።

ክፍል ውስጥ በየቀኑ መተኛት፣ በትንሽ ነገር መደንበርና መማታት፣ ወይም ጨርሶ ዝም ማለት ለሳምንታት ከቀጠለ ወደ ባለሙያ ይመራል። ወዴት እንደሚመራ፣ ስልኩን ማን እንደሚያነሳ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። መምህራኑንም አይርሷቸው፤ ከባድ ታሪክ ቀን በቀን የሚሰማ ሰው እሱም የሚተነፍስበት ይፈልጋል።

ወላጆች ስብሰባ ስንጠራ አይመጡም። ግድ የላቸውም ማለት ነው?

አይደለም። ደብዳቤው በማያነቡት ቋንቋ ተጽፏል፣ ሰዓቱ የቀን ሥራ የሚፈለግበት ነው፣ ወይም መንግሥታዊ ቢሮ መጠራት በመጡበት አገር መጥፎ ዜና ማለት ነበር። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ማንም አይመጣም፣ ስደተኛም ባይሆን። የመጀመሪያው ጥሪ ለመልካም ዜና ይሁን፤ በጽሑፍ ፈንታ በራሳቸው ቋንቋ የተቀዳ አጭር የድምፅ መልእክት ይላኩ።

ተማሪውን ለራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ ግን አይገባም። ልጁ የራሱን ጥፋት ሲተረጉም ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ከዚያም በላይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናቱን ወክሎ መናገር ከጀመረ የቤቱ ሥልጣን ወደ እሱ ይዞራል፤ ነገ "እናትህን አምጣ" ማለት ትርጉም ያጣል።

በዓመቱ አጋማሽ መቶ ተማሪ መጣ፤ በጀቱ ግን በመስከረም ቆጠራ የተሠራ ነው። ምን ላድርግ?

ቆጠራውን በየወሩ ያድርጉና በጽሑፍ ለበላይ አካል ይላኩ። መልስ ባይመጣም የሚቀጥለው ዓመት ክርክር የሚቆመው በእነዚህ ደብዳቤዎች ላይ ነው። ረጂ ድርጅት ሲመጣ ደግሞ ቦርሳና ደብተር ከመቀበል በፊት የመምህር ደመወዝና ወንበር ይጠይቁ።

የአካባቢው ወላጆች "የእኛ ልጆች ተጨናነቁ" እያሉ ነው። ምን ልመልስ?

መጀመሪያ እውነት መሆኑን ይመኑ። አርባ ተማሪ በነበረበት ክፍል ሰባ ከተቀመጠ ተጨናንቋል፤ "ምንም አልተለወጠም" ያለ ርዕሰ መምህር ሁለተኛ አይታመንም። ቁጥሩን፣ የተጠየቀውንና የተገኘውን ዘርዝረው ያስረዱ። ድጋፍ በተገኘ ጊዜም የሚሠራው ለሁሉም ይሁን፦ አዲሱ መጸዳጃ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የቅዳሜ ማጠናከሪያው። አዲስ ቦርሳ ለስደተኞች ብቻ የታደለ ዕለት ጠብ ተገዝቷል፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ችግረኛ ልጅ ያያልና።

ብዙዎች መፍትሔ የሚያደርጉት ፈረቃ ነው። በ2011 የሶርያ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ሊባኖስና ዮርዳኖስ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸው የከሰዓት ፈረቃ ከፍተው ብዙ ሶርያውያን ልጆችን ማስተማር ችለዋል። ያለ ፈረቃ እነዚያ ልጆች ጎዳና ላይ ይቀሩ ነበር። ዋጋ ግን አለው፦ የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ያጥራል፣ መምህሩ ደክሞ ይገባል፣ ልጃገረዶች ሲመሽ ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ የጠዋቱ ተማሪ ወንበር ሲሰበር ተጠያቂው "የከሰዓቶቹ" ይሆናሉ። ሁለቱ ፈረቃዎች በዜግነት ከመለያየታቸው በፊት በክፍል ደረጃ መክፈል ይቻል እንደሆነ ይሞክሩ፤ ታችኞቹ ጠዋት፣ ላይኞቹ ከሰዓት። አስቸጋሪ ቢሆንም ልጆቹን ያስተዋውቃል።

ፖሊስ ወይም የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ስለ አንድ ተማሪ ቤተሰብ ቢጠይቀኝ?

በስልክ ምንም አይመልሱ። ጥያቄው በጽሑፍ፣ የሕግ ሥልጣኑ ተጠቅሶ ይምጣ፤ ከበላይ አካልና ከሕግ ባለሙያ ጋር ተመካክረው የተጠየቀውን ብቻ ይስጡ። ይህን ለጥበቃና ለመዝገብ ቤት ሠራተኞችም አስቀድመው ይንገሩ፣ እርስዎ በሌሉበት ቀን መምጣቱ አይቀርምና። ትልቁ ጥንቃቄ ግን ከዚያ በፊት ነው፦ ለማስተማር የማያስፈልግዎትን ነገር አይመዝግቡ። የቤተሰቡ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ ማኅደሩ ውስጥ ከሌለ ማንም አይወስደውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በፕላይለር እና ዶ መዝገብ ፈቃድ የሌላቸውን ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ማገድ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወስኗል። እንዲህ ያለ ጥበቃ በሌለበት አገር ጥንቃቄው በይበልጥ የርዕሰ መምህሩ ሸክም ነው።

"እኔ እኮ እዚህ አልቆይም" የሚልን ተማሪ እንዴት ላስተምረው?

ከሁሉም የከበደኝ ጥያቄ ይህ ነው። ልጁ ተሳስተሃል የሚባል አይደለም፤ ቤተሰቡ ሌላ አገር ለመሄድ ተመዝግቦ ይሆናል፣ ወይም ጓደኞቹ በሌሊት እየጠፉ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2023 ባወጣው የትምህርት ሪፖርት 65 በመቶ የነበረው የስደተኞች የአንደኛ ደረጃ ተሳትፎ ሁለተኛ ደረጃ ላይ 41 በመቶ፣ ከፍተኛ ትምህርት ላይ 6 በመቶ ነበር። ብዙ ልጅ የሚቀረው በጉርምስናው፣ "መማር ምን ሊሆነኝ" ባለበት ሰሞን ነው።

"ትምህርት ብርሃን ነው" የሚል ምክር እዚህ አይሠራም። ይዞት የሚሄድ ነገር ያሳዩት፦ ቋንቋ፣ ኮምፒውተር፣ በወረቀት የተመሰከረ ውጤት። መሄድ አለመሄዱን ለመወሰን ከእሱ ጋር አይከራከሩ፤ የሚቆይበትን ወር ያህል የሚያልቅ ሥራ ይስጡት። ተከታታይ ሦስት ቀን ሲቀር ግን የሚደውል ሰው ይመደብ፤ ስም ጠሪው መምህር ቢሆን ይመረጣል፣ ድምፁን ያውቀዋልና። ብቻውን የመጣ ልጅ ከሆነ ለሕፃናት ጥበቃ ባለሙያውም በዚያው ቀን ይነገር።

እያንዳንዱ ስደተኛ ተማሪ በየመንፈቁ ማኅተም ያረፈበት ውጤት ኮፒ እጁ ላይ ይኑር፤ ዓመቱ እስኪያልቅ አይጠበቅ። የተማራቸው የትምህርት ዓይነቶች፣ የሳምንቱ ክፍለ ጊዜ ብዛትና የማስተማሪያው ቋንቋ ይጻፉበት፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው። ስልኩ ላይም ፎቶ ያንሣው። ወረቀት በመንገድ ይርሳል፣ ይጠፋል።